ሞተሩ እምቢ የሚለው መቼ ነው?

አንድ ወዳጄ «መኪናዬ ቶሎ አልነሳ አለችኝ» ብሎ ሲደውል መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ባትሪም ስለ ካንዴላም አይደለም። «መቼ ነው የምታስቸግርህ? አድራ ጠዋት ነው ወይስ ሞቃ ሳለች?» እለዋለሁ። መልሱ የምርመራውን ግማሽ ይጨርሳል።

ከዚያ ጆሮ ነው። ሞተሪኖው «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ወይም እያቃሰተ ከዞረ፣ ቤንዚኑን ተዉት፤ ጣጣው የኤሌክትሪክ ነው። ሙሉ ባትሪ ሲያድር 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ደክሟል። አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ጫፎቹን አጽዱ፣ ከቦዲው ጋር የታሰረውን ነጌቲቭ ገመድም አጥብቁ። ደህና ባትሪ በላላ ገመድ ሰበብ ሲጣል ያሳዝነኛል።

አሁን በጣም የምወደው ላይ ደረስን። ሞተሪኖው በጉልበት ይዞራል፤ ሞተሩ ግን ጠዋት ጠዋት ብዙ አልፍቶ ነው የሚነሳው። ኢንጀክተር ያላት የቤንዚን መኪና ከሆነች፣ ቁልፉን የዳሽቦርዱ መብራት እስኪበራ ብቻ አዙራችሁ አዳምጡ። በብዙ መኪኖች ከኋላ ወንበር ስር ለ2 ሰከንድ ያህል «ዝዝዝ» ይላል፤ ፓምፑ መስመሩን በቤንዚን እየሞላ ነው። አጥፉና ድገሙት፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ አስነሱ። ወዲያው ተነሳች? እንግዲያው ካንዴላ አትቀይሩ! ሌሊቱን የቤንዚኑ ግፊት ወርዶ ነው ያደረው። ፓምፑ ላይ ቤንዚኑ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምትይዝ ትንሽ ቫልቭ አለች፤ እሷ መያዝ ሲያቅታት እንዲህ ይሆናል። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተርም ግፊት ያወርዳል፤ እሱ ግን ስትነሳ በቤንዚን ሽታና በጥቁር ጭስ ራሱን ያጋልጣል።

ይህ ካልረዳ የሞተሩን ውሃ ሙቀት የምትለካውን ሴንሰር ጠርጥሩ። ቀዝቃዛ ሞተር ተጨማሪ ቤንዚን ይፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ መጠኑን የሚወስነው እሷን አምኖ ነው። በጠዋት ብርድ «80 ዲግሪ ነው» ብላ ከዋሸች ቤንዚኑ ያንሳል። ያደረ ሞተር በመመርመሪያ ማሽን ሲታይ የውጭውን አየር የሚያህል ሙቀት ማሳየት አለበት።

ናፍጣ ሌላ ዓለም ነው፤ ካንዴላ አያቀጣጥለውም፣ ብርድ ላይ ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚታዩት ሲሊንደሩን የሚያሞቁት መሣሪያዎች ናቸው።

የቤንዚን መኪናዋ ስትሞቅ ብቻ የምታስቸግር ከሆነስ? ሞተሪኖው እየዞረ የአርፒኤም መርፌዋ ከዜሮ ንቅንቅ ካላለች፣ ክራንክ ሻፍቱ አጠገብ ያለችውን ሴንሰር አስመርምሩ። እሷ በሙቀት ጠፍታ በብርድ የምትመለስ ስለሆነች፣ ቀዝቅዛ ጋራዥ የገባች መኪና «ምንም የለባትም» ተብላ ትመለሳለች። ሞተሩ ትኩስ ሳለ አሳዩዋት።