የትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮችን ሥርዓተ ክወና በዕቅድ ስለ ማደስ

መግቢያ

አንድ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ሲያቋቁም አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ስለ ዕቃው ግዥ፣ ስለ ጠረጴዛውና ስለ ኤሌክትሪክ መስመሩ ነው። መሣሪያዎቹ ተተክለው ሥራ ከጀመሩ በኋላ ግን በየወሩ የሚያስፈልጋቸው አንድ ጥገና አለ፤ ይኸውም የሥርዓተ ክወና ማሻሻያ ነው። ሥርዓተ ክወና ማለት ኮምፒዩተሩ ሲበራ አስቀድሞ ሥራ የሚጀምርና ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያስተዳድር ፕሮግራም ሲሆን፣ ዊንዶውስና ኡቡንቱ ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። ማሻሻያ ወይም በተለምዶ አፕዴት የሚባለው ደግሞ በዚህ ፕሮግራም ውስጥ የተገኘን ጉድለት ለማረም አዘጋጁ ድርጅት የሚያወጣው እርማት ነው።

በብዙ ትምህርት ቤቶች ይህ ሥራ ባለቤት የለውም። ማሻሻያው ክፍለ ጊዜ ስለሚያቋርጥና የኢንተርኔት መስመር ስለሚያጨናንቅ መምህሩ ያጠፋዋል፤ ካጠፋው በኋላም የሚያስታውሰው አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉዳዩ የአንድ ባለሙያ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሳይሆን ዕቅድ፣ ኃላፊና መዝገብ የሚያሻው የአስተዳደር ተግባር መሆኑን ማስረዳትና በጥቂት አቅም የሚፈጸምበትን መንገድ ማመልከት ነው።

1. ትእዛዝ ማስተላለፍ ብቻውን ስለማይበቃ

መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ ክፍል ውስጥ የተገኘን ከባድ ጉድለት የሚያርም ማሻሻያ አወጣ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በዚያው ጉድለት ገብቶ በዓለም ዙሪያ ተሠራጨ። ፕሮግራሙ የሰነዶችን ይዘት በምስጢር ቁልፍ እየቆለፈ ለመክፈቻው ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። ከተጠቁት መካከል የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ይገኝበታል። ሆስፒታሎች የሕሙማንን መዝገብ ማየት ተስኗቸው ቀጠሮዎችን ለመሰረዝ፣ አንዳንዶቹም ድንገተኛ ሕሙማንን ወደ ሌላ ቦታ ለመላክ ተገደዱ።

የእንግሊዝ ብሔራዊ የሒሳብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ያወጣው ሪፖርት ለዕቅድ አውጪዎች ከፍተኛ ትምህርት ይሰጣል። ማሻሻያው እንዲጫን የሚያሳስብ ማስጠንቀቂያ ከአደጋው በፊት ለየሆስፒታሎቹ ተልኮ ነበር። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው በተግባር መዋሉን የሚያጣራ መደበኛ አሠራር በበላይ መሥሪያ ቤቱ ዘንድ አልነበረም። እንግዲህ ጉድለቱ የእውቀት ማነስ አልነበረም፤ መድኃኒቱም ታውቆ ነበር። የጠፋው የክትትል ሰንሰለት ነው።

ከዚህ ጋር መታወቅ ያለበት፣ ዋናክራይ የሰው እጅ ሳይጠብቅ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው በኔትወርክ ይሸጋገር የነበረ መሆኑ ነው። ስለዚህ «የእኛ የኮምፒዩተር ክፍል ከኢንተርኔት ጋር አልተገናኘም» የሚለው መከራከሪያ የሚያዘልቅ አይደለም። ከውጭ የመጣ አንድ የተበከለ ላፕቶፕ ከክፍሉ ኔትወርክ ጋር ቢገናኝ ያልታደሱትን ኮምፒዩተሮች ሁሉ ሊያዳርስ ይችላል። የተማሪዎች ውጤት የሚመዘገብበት የጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተርም በዚሁ መስመር ላይ ከሆነ የሚጠፋው የዓመታት ማኅደር ነው።

2. ያልተፈተነ ማሻሻያ ስለሚያስከትለው ጉዳት

በአንጻሩ ደግሞ የመጣውን ሁሉ ወዲያውኑ በሁሉም ኮምፒዩተሮች ላይ መጫን የራሱ አደጋ አለው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለ የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ ስሕተት ያለበት የማሻሻያ ፋይል ለደንበኞቹ አሠራጨ። ማይክሮሶፍት በገመተው መሠረት 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮች ከሥራ ውጭ ሆኑ፤ የአየር መንገዶች፣ የባንኮችና የሆስፒታሎች ሥራም ተስተጓጎለ። ፋይሉ የሥርዓተ ክወና ማሻሻያ ባይሆንም በሥርዓተ ክወናው እምብርት ላይ የሚሠራ ፕሮግራም አካል ስለነበረ ኮምፒዩተሮቹ ጨርሶ መነሣት አቃታቸው። ብዙዎቹንም ሠራተኛ ከፊታቸው ተቀምጦ አንድ በአንድ ማስተካከል ግድ ሆነበት።

ከሁለቱ ታሪኮች የሚገኘው መደምደሚያ ግልጽ ነው። መዘግየትም መጣደፍም ይጎዳሉ። ማሻሻያ በደረጃ መሰጠት አለበት፤ በጥቂቶች ተሞክሮ፣ ታይቶ፣ ከዚያ ለሁሉም ይዳረሳል።

3. የመስመር ጥበትን በስሌት ስለ መፍታት

ማይክሮሶፍት ዋናውን የወር ማሻሻያ የሚያወጣው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ነው። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይሆናል። እንግዲህ ረቡዕ ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሲጀምር ኮምፒዩተሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ተነሥተው ያንኑ ፋይል መሳብ ይጀምራሉ። መምህሩ ማሻሻያውን ለማጥፋት የሚገፋፋውም ይኸው ነው።

ለምሳሌ ያህል 40 ኮምፒዩተሮች ያሉት ክፍል በሰኮንድ 4 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ መስመር አለው እንበል። የማሻሻያው መጠን 800 ሜጋባይት ቢሆን፣ በ8 ተባዝቶ 6,400 ሜጋቢት ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል ለአንዱ ኮምፒዩተር 1,600 ሰኮንድ ወይም 27 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። አርባውም እያንዳንዳቸው ከኢንተርኔት ቢስቡ 64,000 ሰኮንድ፣ ማለትም ወደ 18 ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ፋይሉ አንድ ጊዜ ብቻ ገብቶ በሰኮንድ 100 ሜጋቢት በሚያስተላልፈው የክፍሉ ኔትወርክ ቢከፋፈል ግን ለእያንዳንዱ 64 ሰኮንድ ይበቃል። ጠቅላላው ጊዜ ወደ 70 ደቂቃ ይወርዳል።

ይህን ለማድረግ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው በዊንዶውስ ውስጥ የሚገኘውን፣ ኮምፒዩተሮች ማሻሻያን እርስ በርስ እንዲካፈሉ የሚያደርገውን አገልግሎት ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ መፍቀድ ነው። ሁለተኛው የማሻሻያ ማከማቻ ሰርቨር ማቋቋም ነው። ለዚህ የሚያገለግለው የማይክሮሶፍት ደብልዩሰስ በመስከረም 2017 ዓ.ም. አዲስ ነገር እንደማይጨመርበት ቢገለጽም ሥራውን እንዲቀጥል ተደርጓል። ሦስተኛው ኢንተርኔት ለሌለበት ትምህርት ቤት የሚስማማ ሲሆን፣ ፋይሉን መስመር ካለበት ቦታ ከማይክሮሶፍት የማሻሻያ ካታሎግ አውርዶ በንጹሕ ፍላሽ ማምጣት ነው። የዊንዶውስ ወርኃዊ ማሻሻያዎች ያለፉትን አጠቃለው የሚይዙ በመሆናቸው ብዙ ወራት ያመለጡት ትምህርት ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው የመጨረሻው ብቻ ነው።

4. የሥራው ቅደም ተከተል

ሀ. መዝገብ፦ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ቁጥር ተሰጥቶት የሥርዓተ ክወናው ዓይነት፣ የመጨረሻው ማሻሻያ ቀንና የፈጸመው ሰው ስም ይጻፍ። ይህ በተራ ደብተር ሊፈጸም ይችላል።

ለ. መጠባበቂያ፦ የውጤትና የሠራተኛ ሰነዶች ከመታደሱ በፊት ተገልብጠው ከኮምፒዩተሩ በተለየ ቦታ ይቀመጡ።

ሐ. ሙከራ፦ በመጀመሪያ ሁለት ኮምፒዩተሮች ብቻ ይታደሱ። ለማስተማሪያ የሚያገለግሉት ፕሮግራሞች፣ ማተሚያውና የአማርኛ መጻፊያው በትክክል መሥራታቸው ለሦስት ቀን ይታይ። ቀጥሎ አሥር፣ በመጨረሻም የቀሩት ይከተሉ።

መ. ጊዜ፦ ሥራው ተማሪ በሌለበት ሰዓትና የኤሌክትሪክ ኃይል አስተማማኝ በሆነበት ወቅት ይፈጸም። በመጫን ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ሥርዓተ ክወናው ሊበላሽ ይችላል። በፈተና ሳምንት ማሻሻያ አይጫን፤ ዊንዶውስም እስከ 35 ቀን ማቆየትን ይፈቅዳል።

ሠ. የማቀዝቀዣ ፕሮግራም፦ በብዙ የኮምፒዩተር ክፍሎች ዲፕ ፍሪዝ የተባለው ፕሮግራም ይሠራበታል። ይህ ፕሮግራም ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር ወደ ቀድሞው ሁኔታ ስለሚመልሰው የተጫነውንም ማሻሻያ ይሰርዛል። ስለዚህ በማደሻው ዕለት ተፈትቶ፣ ሥራው ሲያልቅ መልሶ መታሰር አለበት።

ረ. ማረጋገጫ፦ ከሥራው በኋላ ኃላፊው ጥቂት ኮምፒዩተሮችን በዕጣ መርጦ መዝገቡ እውነት መሆኑን በዓይኑ ይመልከት።

5. የድጋፍ ዘመናቸው ስላለፈ ኮምፒዩተሮች

ማሻሻያ ለዘላለም አይሰጥም። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ልዩ የጥበቃ ቺፕና በአንጻሩ አዲስ የሆነ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ በርካታ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ሊቀበሉት አይችሉም።

ዕቅድ አውጪው ያሉት አማራጮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ለዊንዶውስ 10 የተራዘመ ድጋፍ መግዛት ነው። ለትምህርት ተቋማት የተወሰነው ዋጋ ለአንድ ኮምፒዩተር በመጀመሪያው ዓመት 1፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4 የአሜሪካ ዶላር ነው። ሁለተኛው ያለ ክፍያ በሚገኝ ሥርዓተ ክወና መተካት ነው፤ በየሁለት ዓመቱ የሚወጣው የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው ኡቡንቱ ለአምስት ዓመት ይታደሳል። ሦስተኛው ኮምፒዩተሩን ከኔትወርክ አላቅቆ ለጽሕፈት መለማመጃ ብቻ ማዋል ነው። ከሦስቱ አንዱን ሳይመርጡ እንደነበረ መተው ግን አደጋውን ለቀጣዩ ኃላፊ ማውረስ ይሆናል።

ማጠቃለያ

ኮምፒዩተር ለመግዛት በጀት የሚይዝ ዕቅድ ለማደሻውም ሰውና ሰዓት ሊመድብለት ይገባል። ለርዕሰ መምህሩ በወር የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በየሩብ ዓመቱ የየትምህርት ቤቱን መዝገብ መጠየቅ ነው። መምህሩም ማሻሻያውን ከማጥፋት ይልቅ መስመሩ የሚበቃበትን ሰዓት እንዲመደብለት ማሳሰብ ይችላል። ሰርኩላር መላኩ ብቻ እንደማይበቃ ከላይ የተመለከተው ተሞክሮ ያስረዳል፤ የተላለፈው መመሪያ በየኮምፒዩተሩ ላይ መፈጸሙ ሊታይ ይገባል።