የመይሳው ዝክር
ክፍል 4

ባለፈው ሳምንት፦ ሚያዝያ 6 ነው። ከጣራ ገዳም ግርጌ፣ አዲስ ዘመን ላይ ባልቴቷ በየዓመቱ «የካሳ ዝክር» እያሉ የሚደግሱት ለዘመድ ሳይሆን ለዐፄ ቴዎድሮስ መሆኑን የልጅ ልጃቸው ደረሰችበት። ወሬውን ዋርሳቸውም ከደጅ ሆነው ሰሙ።

«እታለም፣ ደብረ ታቦርን ያቃጠለ ነው የሚዘከረው?» አሉ ዋርሳቸው ገና ሳይቀመጡ። «በ1860 መግቢያ ከተማውን ለእሳት ሰጥቶ ወደ መቅደላ ሲነሣ፣ የአያቶቼ ቤት ከነእህሉ ነደደ!»

ባልቴቷ የድፎውን ኮባ ገለጥ አደረጉ፤ እንፋሎቱ ፊታቸው ላይ ተነነ።

«መንደዱን መች ካድኩ? የእኔም ቅድመ አያት ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖልን ከጎተቱት አንዱ ነው። 70 ኩንታል ገደማ መድፍ! ቋጥኝ እየፈነቀሉ፣ መንገድ እየጠረጉ፣ ጅዳንና በሽሎን አሻግረው መቅደላ አደረሱት። ትከሻው ተልጦ ተመለሰ። ግን የንጉሡን ስም በክፉ አንሥቶ አያውቅም።»

«ለምን፣ እማማ?» አለች ልጅቱ።

«መሳፍንቱ እርስ በርስ ሲዋጉ ያለቀው ገበሬው ነበራ! መይሳው በየካቲት 1847 ደረስጌ ማርያም ነግሦ የተበተነውን አገር ሰበሰበ። ማቃጠሉም እውነት፣ መሰብሰቡም እውነት። እኔ የምዘክረው ሁለቱንም ይዤ ነው።»

ዋርሳቸው መልስ ሳይሰጡ አዲሱ መነኩሴ ገቡ። ሁሉም ብድግ ብሎ መስቀል ተሳለመ። የቀድሞው አባት «ካሳ» ከተባለላቸው ሌላ ጠይቀው አያውቁም ነበር። እኚህ ግን ዳቦውን ከመባረካቸው በፊት ቀና አሉ።

«የሟቹ የክርስትና ስም ማን ነው? አሟሟቱስ እንዴት ነበር?»

የልጅቱ ልብ ድንግጥ አለ። ንጉሡ በ1860 የፋሲካ ማግስት እጄን አልሰጥም ብሎ ሽጉጡን መጠጣቱን ተምራለች። ራሱን ላጠፋ ፍትሐት እንደማይደረግም ታውቃለች። ባልቴቷ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣቸውም። አባትን በዝክር ፊት መዋሸት አይሆንላቸውም።

ዋርሳቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ።

«አባ፣ እርሷን ይተዉአት» አሉ። «የካሳን ነገር እኔ ልንገርዎ።»

ይቀጥላል