ከሙስካት የሚላክ የልጅ ትምህርት ገንዘብ፦ ስጦታው ግብር አለበት?

ሙስካት፣ ሩዊ ውስጥ ካሉት የሀዋላ ቤቶች በአንዱ ገንዘብ የምትልክ እናት የመኖሪያ መታወቂያዋን ሰጥታ የተቀባዩን ስምና የሂሳብ ቁጥር ካስመዘገበች በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀርብላታል፦ ገንዘቡ የሚላከው ለምንድን ነው? ብዙዎች «ለቤተሰብ» ብለው ያልፉታል። ለልጅ ትምህርት ከሆነ ግን «ለትምህርት» ማለት ይሻላል። ደረሰኙ ገንዘቡ ለምን እንደተላከ ከዓመታት በኋላም የሚመሰክር ወረቀት ነውና አይጣል።

ለልጅ ትምህርት ማጠራቀም የጀመረች ሴት አሜሪካ ካሉ ዘመዶቿ «ስጦታ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ለመንግሥት ይነገራል» የሚል ወሬ ብትሰማ መደንገጧ አይቀርም። ወሬው ሐሰት አይደለም፤ የሌላ አገር ሕግ ነው እንጂ።

ከኦማን እንጀምር። ለልጇ ገንዘብ የምትሰጥ እናት የምትከፍለው የስጦታ ግብር ኦማን ውስጥ የለም። አገሪቱ የግለሰብ የገቢ ግብር ሕግ ያወጣችውም ገና በቅርቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 በንጉሣዊ ድንጋጌ ቁጥር 56 ነው። ሥራ ላይ የሚውለው ከጥር 2028 ጀምሮ ሲሆን፣ 5 በመቶ የሚጣለውም በዓመት ከ42,000 ሪያል በላይ በሆነው ገቢ ላይ ነው። አንድ ሪያል 2.6 ዶላር ገደማ ስለሆነ ይህ ከ109,000 ዶላር በላይ መሆኑ ነው። በሰው ቤት ሠርታ የምታድር እህት አጠገቡም አትደርስም። በሀዋላ ቤቱ ደረሰኝ ላይ የምታየው 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላው በአገልግሎት ክፍያው ላይ እንጂ በምትልከው ገንዘብ ላይ አይደለም።

ገንዘቡ ኢትዮጵያ ሲገባም ጉዳዩ ያው ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከግብር ነፃ የሆኑ ገቢዎችን በሠንጠረዥ ‹ሠ› ሲዘረዝር በስጦታና በውርስ የሚገኘውን አብሮ አስቀምጧል፤ የደመወዝ፣ የንግድ ወይም የኪራይ ገቢ በስጦታ ስም እስካልመጣ ድረስ። ግብር የሚነካው ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ የሚወልደውን ወለድ ነው። አዋጁ ሲወጣ በቁጠባ ወለድ ላይ የጣለው 5 በመቶ ሲሆን፣ ባንኩ ራሱ ቀንሶ ገቢ ያደርገዋል።

የአሜሪካው ወሬ መነሻ የዚያ አገር የስጦታ ግብር ሕግ ነው። 529 የሚባለው የትምህርት ቁጠባ ሂሳብ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ሕግ ተፈጠረ፤ የሚገባበት ገንዘብ እድገት ለትምህርት እስከዋለ ድረስ የፌዴራል ግብር አይከፈልበትም። ለልጅ ሂሳብ የገባው ገንዘብ እንደ ስጦታ ስለሚቆጠር፣ አንድ ሰው ለአንድ ልጅ በ2025 ያለምንም ማስታወቂያ መስጠት የሚችለው 19,000 ዶላር ነበር። የአምስት ዓመቱን ድርሻ በአንድ ጊዜ፣ 95,000 ዶላር፣ ማስገባትም ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ቅጽ 709 ይሞላል። ከዚህ ያለፈውም ቢሆን ወዲያው ግብር አያስከፍልም። ከዕድሜ ልክ ጣሪያው ላይ ይቀነሳል፤ ጣሪያውም ከ2026 ጀምሮ 15 ሚሊዮን ዶላር ነው። ግዴታው የሰጪው እንጂ የተቀባዩ አይደለም። የአሜሪካ ዜግነት ያለው ሐበሻ ሙስካት ሆኖ ቢሠራም ይህ ሕግ ይከተለዋል። ዜግነቷ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ኑሮዋ ኦማን የሆነ፣ ንብረቷም አሜሪካ ያልሆነ ሴት ግን ከቁብ አትቁጠረው።

ያም ሆኖ ከዚያ ሕግ የሚወሰድ አንድ ነገር አለ። አያት ወይም አክስት የልጁን የትምህርት ክፍያ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ከከፈሉ መጠኑ የቱንም ያህል ቢሆን ከስጦታ አይቆጠርም። ለ529 ሂሳብ ከሰጡት ወይም ለተማሪው በእጁ ካስጨበጡት ግን ይቆጠራል።

ይህን የማነሳው በእኛ ዘንድ ዋናው ጭንቀት ግብር ስላልሆነ ነው። ዋናው ጭንቀት ገንዘቡ በማን ስም እንደተቀመጠ ነው። ከዓረብ አገር የሚላከው ገንዘብ ብዙ ጊዜ በወንድም ወይም በእናት ስም ባለ ሂሳብ ይገባል፤ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ሂሳቡ ባዶ ሆኖ መገኘቱ በየሰፈሩ የሚወራ ሐዘን ነው። በባንኩ ዓይን ያ ገንዘብ የወንድም ነው። አሜሪካ ያለ አጎት በከፈተው የ529 ሂሳብ ላይ ባለቤት ሆኖ ስለሚቆይ ገንዘቡን ማዘዝ ይችላል። እኛ ዘንድ ያለው አማራጭ በልጁ በራሱ ስም የሚከፈት ሂሳብ ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ዕድሜው 18 ላልሞላ ልጅ አባትና እናትን አሳዳሪና ሞግዚት ያደርጋል፤ ስለዚህ ሂሳቡን የሚያንቀሳቅሰው ወላጅ ነው፣ ገንዘቡ ግን የልጁ ነው። እናት ውጭ ከሆነች ውክልናው ሂሳብ ማንቀሳቀስን ይጨምር አይጨምር ቃል በቃል ይነበብ። «ማናቸውንም ጉዳይ» የሚል ሰፊ ውክልና ለአንድ ዘመድ መስጠት፣ በእኔ እምነት፣ በሩን ክፍት ትቶ መሄድ ነው።

ሌላው ብሩ ራሱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለዓመታት በብር የተጠራቀመ የትምህርት ገንዘብ ያን ያህል አቅሙን ያጣው ማንም ግብር ሳይጥልበት ነው። የዚያን ዕለት የታወጀው ማሻሻያ ከውጭ በሚላክ ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ መክፈትን ፈቅዷል። ስለዚህ ለቀጣዩ ወር ክፍያ የሚሆነውን በብር፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ለሚመጣው ዩኒቨርሲቲ የታሰበውን በዶላር ማስቀመጥ ይቻላል። የየወሩን ክፍያ ደግሞ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ የባንክ ሂሳብ አስገብቶ የልጁን ሙሉ ስምና ክፍል በማስተላለፊያው ምክንያት ላይ መጻፍ፣ ደረሰኙንም ለትምህርት ቤቱ ሒሳብ ክፍል መላክ ይበጃል።