ንባብ በካርድ ይለካ

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ፣ ከወንዶቹ ደግሞ 69 በመቶ እንደሆኑ አሳይቷል። ደባርቅ ተቀምጦ የጎልማሶች ትምህርት በጀት ለሚደለድል ባለሙያ ግን ይህ ቁጥር ብዙ አይጠቅመውም።

ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ እንይ። የትምህርት ደረጃው ከፍ ያለ ሰው ሳይፈተን አንባቢ ተብሎ ይያዛል። ከዚያ በታች የተማረው፣ ጨርሶ ያልተማረውም፣ «ግብርና ከባድ ሥራ ነው» ዓይነት አጭር ዓረፍተ ነገር የተጻፈበት ካርድ ይሰጠዋል። ሙሉውን ያነበበም ከፊሉን የለየም እኩል ይቆጠራል። በ42 በመቶው ውስጥ አንድ ሁለት ቃል ለይታ ያቆመች ሴትም አለች ማለት ነው።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ካርድ አልነበረም፤ ብዙውን ጊዜ አባወራው ስለ ቤተሰቡ ሁሉ ይመልስ ነበር። የቆጠራውንና የዳሰሳውን ቁጥሮች አነጻጽሮ «ይህን ያህል አደግን» ማለት ያሳስታል። የክፍል ደረጃም ቢሆን ለመለኪያ አይበቃም። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት የደገመ ገበሬ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ ቢጠየቅ መልስ የለውም፤ ካርዱን ግን ያነበዋል። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ጎረቤቱ ደግሞ ፊደሉ ጠፍቶባት ይሆናል። በብድር ውል ላይ በአውራ ጣቷ የምትፈርመው እሷ ናት፤ ወለዱን የምታውቀው ሌላ ሰው ሲነግራት ነው።

ዳሰሳው 15,683 ሴቶችን ቢያነጋግርም ናሙናው የሚያስተማምነው እስከ ክልል ድረስ ነው። ባሕር ዳርና የጃናሞራ ገጠር በአንድ የክልል አማካይ ይጨፈለቃሉ። ደባርቅን ማዕከሉ ያደረገው የሰሜን ጎንደር ዞን ደግሞ አሁን ባለው ወሰኑ የተዋቀረው ከመጨረሻው ቆጠራ በኋላ በመሆኑ፣ እንደ ዞን ተቆጥሮ አያውቅም። ታዲያ የጎልማሶች መምህር ቅጥር በምን ይመራ?

መነሻው እዚያው ዞን፣ ዳባት ወረዳ ውስጥ አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞረ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ሲመዘግብ ለዓመታት ቆይቷል። በዚህ ምዝገባ ላይ የንባብ ካርድና የማዳበሪያ ሂሳብ የሚያሠራ አንድ ጥያቄ መጨመር የሚጠይቀው የማተሚያ ወጪና የመዝጋቢውን ጥቂት ደቂቃ ነው። ዞኑና ዩኒቨርሲቲው ይስማሙበት፤ የአገር አቀፉ ዳሰሳ የማይጠይቃቸውን ከ49 ዓመት በላይ ያሉ እናቶችንም ያካትቱ።