የጀልባዋ አፍንጫ ለምን ይዘላል?

ጠዋት ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሲኬድ ጣና ብዙ ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመው ከሰዓት በኋላ የሚመለሱ ተጓዦች ግን ሌላ ሐይቅ ይጠብቃቸዋል። ነፋሱ ተነሥቷል፤ ጀልባዋ ትነጥራለች፤ ከወንበሩ ሥር የሚመጣው ምት ወገብ ይቆርጣል።

ሁሉም ማዕበሉን ይወቅሳል። ማዕበሉ ድርሻ አለው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሰፋም ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ በእንዲህ ያለ ሐይቅ ላይ የሚነሣ ማዕበል አጭርና ቀጥ ያለ ስለሆነ እንደ ውቅያኖሱ አንሥቶ አያወርድም፣ ይደበድባል። ነገር ግን በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ውኃ ላይ አንዷ ጀልባ ስትንገጫገጭ ሌላዋ በሰላም ታልፋለች። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሞተሩ ከኋላ በተንጠለጠለበት ማዘንበያ ላይ ነው። ሙያተኞች «ትሪም» ይሉታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የሞተሩ እግር ወደ ጀልባዋ ሲጠጋ ፕሮፔለሩ የጀልባዋን ኋላ ወደ ላይ ይገፋና አፍንጫዋን ይደፋል። እግሩ ሲርቅ ደግሞ አፍንጫዋ ይነሣል። ትንሽ ሞተር ላይ ይህ የሚስተካከለው በቀዳዳዎች ውስጥ በሚሰካ ዘንግ ነው። ትልቁ ሞተር በመሪው አጠገብ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ ሲነካ በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ዘይት ገፍቶ ፒስተኖቹን ያንቀሳቅሳል።

ምልክቱ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ውኃው ጸጥ ብሎ ሳለ አፍንጫዋ እየደጋገመ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ሞተሩ ከልክ በላይ ወደ ውጭ ተገፍቷል፣ ወይም ጭነቱ ኋላ ተከምሯል። ሞተሩን ጥቂት ማስገባት፣ ሁለት ሰውና የነዳጅ ጀሪካኑን ወደ ፊት ማዛወር ብዙ ጊዜ ይበቃል። በተቃራኒው አፍንጫዋ ውኃውን እያረሰ የሚረጭ፣ መሪውም ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ ሞተሩ ከመጠን በላይ ገብቷል። ይህኛው ማዕበሉ ከኋላ ሲመጣ አደገኛ ነው፤ የተደፋ አፍንጫ ማዕበል ውስጥ ተሰክቶ ጀልባዋን በድንገት ሊያዞራት ይችላል። ልምድ ያለው ነጂ ሲነሣ ሞተሩን ያስገባል፣ ጀልባዋ ውኃው ላይ መንሸራተት ስትጀምር ቀስ በቀስ ያወጣዋል፣ ሞተሩ ያለ ጉልበት መጮኽ ከጀመረ ግን መለስ ያደርገዋል። ያ ጩኸት ፕሮፔለሩ በውኃ ፈንታ አየር እየቆረጠ መሆኑን ይናገራል።

የጀልባዋ ሆድ ቅርጽም ሊረሳ አይገባም። በ1960 (እ.ኤ.አ.) ከማያሚ ወደ ናሶ በተካሄደው ውድድር ዲክ በርትራም በኃይለኛ ማዕበል መካከል ያሸነፈው «ሞፒ» በተባለች ጀልባ ነበር። ነዳፊዋ አሜሪካዊው ሬይ ሀንት ሆዷን ከአፍንጫ እስከ ኋላ እንደ መጥረቢያ ስለት አሹሎት ስለነበር ማዕበሉን እየሰነጠቀች አለፈች። ሆደ ጠፍጣፋ ጀልባ ግን በትሪም ብቻ እንዲህ አትሆንም። ለእሷ መድኃኒቱ ፍጥነት መቀነስ ነው፤ ተሳፋሪ ቢቸኩልም።

የጣና ሌላ ችግር ከፍታው ነው። በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ 16 በመቶ ያህል ስስ ስለሆነ ሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል። ሙሉ ጭነት የያዘች ጀልባ አፍንጫዋን ሰቅላ ኋላዋን ስትጎትት ብዙዎች የትሪም ብልሽት ይመስላቸዋል። ያኔ ትልቅ ሞተር ከመግዛት በፊት በአንድ ዙር አጭር ርቀት የሚገፋ ፕሮፔለር መሞከር ይሻላል፤ ሞተሩ በቂ ዙር ያገኛል። እምቦጭ ተጠምጥሞበት እንደሆነም መጀመሪያ ይታይ።

ትሪሙ ራሱ ሲበላሽስ? ቁልፉ ሲነካ ምንም ድምፅ ከሌለ ፍለጋው ከባትሪው፣ ከፊውዙና ከሽቦው ይጀምራል። ወደ ላይ እየሠራ ወደ ታች እምቢ ካለ ሪሌው ወይም ቁልፉ ይጠረጠራል። ፓምፑ እየጮኸ ሞተሩ ካልተንቀሳቀሰ ዘይት ጎድሏል፣ አየር ገብቷል፣ ወይም በእጅ ማውረጃው ብሎን ሳይጠብቅ ቀርቷል። ጠቋሚው ብቻ የተሳሳተ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ የተበላሸው መለኪያው ነው።

ቀስ ብሎ የሚወርድ ሞተር ግን በአንድ ሌሊት ይጋለጣል። ማታ ወደብ ላይ ከፍ አድርጎ፣ ፒስተኑ የወጣበትን ልክ በቀለም ምልክት አድርጎ መተው ነው። ከሥሩ ማንም መቆም የለበትም። ጠዋት ወርዶ ከተገኘና በፒስተኑ ዙሪያ ዘይት ካለ ማሸጊያ ጎማው ተበልቷል። ደረቅ ከሆነ የሚያፈሰው በውስጥ ነው፤ መጀመሪያ የሚፈተሸውም ያው በእጅ ማውረጃው ብሎን ነው፣ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ።