የይዋስፍ አባት ስሕተት

በወረታና በፎገራ ሜዳ ሀብት በዓይን የሚታይ ነው፤ ወተታቸው የተመሰገነ ላሞች አሉ፤ ኋላም ሩዝ ተጨመረበት። ነገር ግን ሜዳውን የሚያለመልሙት ርብና ጉማራ ክረምት ሲበረታ ከጣና ጋራ ሆነው ያጥለቀልቁታል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። ስለዚህ የገበሬው ልጅ ሀብት ኃላፊ መሆኑን መምህር ሳይሻ ያውቃል። የሚያሳስበኝ የባለጸጋው ልጅ ነው። አባቱ ለቅሶ ቤት አይወስደውም፤ የታመመች አያቱን አያሳየውም፤ ያለበትንም ዕዳ አይነግረውም፤ ይህንም ሁሉ ፍቅር ይለዋል።

እንዲህ ያለው አባት «በረላምና ይዋስፍ» የሚባለውን የግዕዝ መጽሐፍ ቢያነብ መልካም ነበረ። ከዓረብኛ የመለሱት በትውልዳቸው የየመን ሰው የነበሩት፥ ኋላም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ ዕንባቆም ናቸው፤ ይኸውም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1553 ነው። በ1923ም ዋሊስ በጅ የተባለ እንግሊዛዊ አሳትሞታል። ሊቃውንት እንደ መረመሩት ታሪኩ መጀመሪያ የቡድሃ ታሪክ ነበረ፤ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲተላለፍ የክርስቲያን መጽሐፍ ሆነ።

አንድ የህንድ ንጉሥ ልጁ ይዋስፍ ክርስቲያን እንደሚሆን ኮከብ ቈጣሪ ስለ ነገረው ባማረ አዳራሽ ዘግቶ አሳደገው፤ በሽተኛና ሽማግሌ እንዳያይ፥ የሞትም ስም በፊቱ እንዳይነሣ አዘዘ። ልጁ ግን ከብዙ ልመና በኋላ ቢወጣ ድውይና ዕውር፥ ሌላ ቀንም የጐበጠ ሽማግሌ አየ፤ ከዚያ ወዲያ አዳራሹ ደስ አላሰኘውም። በረላም የሚባል መነኩሴም ነጋዴ መስሎ፥ የከበረ ዕንቍ ይዣለሁ ብሎ ገባና በምሳሌ አስተማረው።

ከምሳሌዎቹ አንዱ ለሹማምንት የተጻፈ ይመስላል። በአንዲት ከተማ እንግዳ ሰው አንድ ዓመት ያነግሡና ዓመቱ ሲፈጸም ገፈው ወደ ደሴት ይሰዱታል። አንዱ ብልህ ግን ይህን አስቀድሞ ሰምቶ ወርቁንና ብሩን በታመኑ ሰዎች እጅ ወደ ደሴቲቱ ላከ። ሹም ሽርን ለሚያውቅ ላገራችን ሰው ይህ ትርጓሜ አያሻውም።

አንዳንድ ሰዎች መጽሐፉ ቤትንና ንብረትን ሁሉ የሚያስንቅ ነው ብለው ይፈሩታል። እኔ ግን እንዲህ አላነበብሁትም። ይዋስፍ አባቱ መንግሥቱን ከፍሎ በሰጠው ጊዜ ተቀብሎ ገዝቷል፤ ለድኆችም መጽውቷል፤ የመነነው አባቱ ከሞተ በኋላ ነው። አባትየውም ራሱ በስተርጅናው ከዚያው ከዘጋበት ልጅ ተምሮ ተጠመቀ።