ጉልበት ከተቀየረ በኋላ የነርሷ ስልክ ሲደወል

ለ ሊኞን የኖረ ሰው የጉልበትን ነገር ያውቀዋል። ከጄኔቭ መሐል ከተማ ወጣ ብሎ በቬርኒዬ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የተሠራው ይህ የመኖሪያ ሕንፃ ርዝመቱ ከ1 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ዘምቢል ይዘው ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው የሚመላለሱ እናት፣ ጉልበታቸው ያበጠ እንደሆነ፣ መንገዱ ከአዲስ አበባ ደብረ ዘይት ይረዝምባቸዋል።

ሐኪሙ «ጉልበትዎ ይቀየር» ሲላቸው ታዲያ ሁለት ጥያቄ ይመጣል። አንደኛው «ከዚያ በኋላ መስገድ እችላለሁ ወይ?» ነው፤ ይህ እንደየሰዉ ስለሚለያይ ቀዶ ጥገናውን ለሚያደርገው ሐኪም የሚተው ነው። ሁለተኛው «ቢያመረቅዝስ?» የሚለው ነው።

በስዊዘርላንድ በየዓመቱ ከ15 ሺህ በላይ ሰው ሠራሽ ጉልበቶች ይገባሉ። ስዊስኖሶ የተባለው ድርጅት ከ2009 ጀምሮ ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚከሰተውን ኢንፌክሽን በአገር አቀፍ ደረጃ ይከታተላል፤ ለጉልበት የሚገኘው ቁጥር ከ100 ሰው 1 አካባቢ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በትልቁ አንጀት ቀዶ ጥገና ከ100 ሰው ከ10 በላይ ይሆናል። ስኳር ያለበት፣ ሲጋራ የሚያጨስ፣ እጅግ የወፈረ ወይም አንድ ጊዜ የተቀየረ ጉልበቱ እንደገና የሚከፈት ሰው ግን ሥጋቱ ከፍ ይልበታል።

ጄኔቭ በዚህ ረገድ ለዓለም ያስተማረችው ነገር አለ። በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ፕሮፌሰር ዲዲዬ ፒቴ የመሩት ቡድን ሠራተኞች እጃቸውን በአልኮል እንዲያጸዱ ዘመቻ አደረገ። ኢንፌክሽን የተገኘባቸው ሕሙማን በ1994 ከ100 ወደ 17 የሚጠጉ ነበሩ፤ በ1998 ወደ 10 ወረዱ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሕይወት ያተረፈው ግን እሱ ነው።

ከመቶ አንድ ጥቂት ነው ተብሎ ግን አይናቅም። ባክቴሪያው ብረቱና ፕላስቲኩ ላይ ከተለጠፈ ልጋግ መሰል ሽፋን ይሠራል፤ መድኃኒቱም እንደ ልብ አይገባለትም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተደረሰበት ጉልበቱን ከፍቶ በማጠብና ለወራት መድኃኒት በመስጠት ሊድን ይችላል። ከዘገየ ግን የገባው ጉልበት ወጥቶ ሌላ መተካት ሊኖርበት ነው፤ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል።

እንግዲህ የስልኩ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ኢንፌክሽኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በሽተኛው ቤቱ ከገባ በኋላ ስለሆነ፣ ለክትትሉ ከሆስፒታል ስልክ ይደወላል፤ ጄኔቭ በፈረንሳይኛ፣ ዙሪክ በጀርመንኛ። የእኛ ሰው ሲጠየቅ ምን ይላል? «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» ቁስሉ እያዠ፣ ፋሻው እየረጠበ፣ ሰው ላለማስቸገር «ሳ ቫ» ይላል። ጨዋነቱ ያስመሰግን ይሆናል፤ ጉልበቱን ግን አያድነውም። ደግሞም ደዋይዋን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ቁስሉ ፈሳሽ ካመጣ፣ ከቀላና ከጋለ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ቀሎ የነበረ ሕመም እንደገና ከባሰ በዚያው ቀን ቀዶ ጥገና ወዳደረገው ክፍል መደወል ነው።

ሌላው ጥፋት ከአገር ቤት የመጣ አሞክሲሲሊን ከመሳቢያ አውጥቶ መዋጥ ነው። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ሳይገድል ይደብቀዋል፤ ሐኪሙ ከጉልበቱ ፈሳሽ ቀድቶ ሲመረምር ምንም ላያገኝ ይችላል። ዓመታት ካለፉ በኋላም ቢሆን ከተመረዘ ጥርስ ወይም ከእግር ቁስል የተነሣ ባክቴሪያ በደም አድርጎ ሰው ሠራሹን ጉልበት ሊያገኘው ስለሚችል፣ ጥርስን በጊዜ ማሳከም ተገቢ ነው።

ቋንቋ ለሚቸግራቸው ወላጆች አስተርጓሚ እንዲቀርብ ከቀዶ ጥገናው በፊት መጠየቅ ይቻላል። ልጆችም ከስልኩ አጠገብ ይህችን በአማርኛ ፊደል ጽፈው ይለጥፉላቸው፦ ጄኔቭ ላሉት «ላ ፕሌ ኩል»፣ ዙሪክ ላሉት «ዲ ቩንደ ኔስት»። ሁለቱም «ቁስሉ ፈሳሽ ያመጣል» ማለት ነው።